የአጎታችን አፍንጫ በቤተሰብ ጉባኤ ሲጠበቅ

ቤተሰባችን ጤናን ለባለሙያ ብቻ የማይተው፣ ኃላፊነት የሚሰማው ቤተሰብ መሆኑ በታሪክ ሊመዘገብ ይገባል። ይህንንም በአጎታችን አፍንጫ ላይ አስመስክሯል።

አጎታችን ሽቶ ነጋዴ ነው። አፍንጫው ውስጥ ሥጋ በቅሎ ማሽተት ካቆመ ወዲህ የሚነግደው የደንበኛን ፊት እያየ ነበር፤ ደንበኛው ፈገግ ካለ ዋጋ ይጨምራል፣ ካስነጠሰ ጠርሙስ ይቀይራል። እንዲህ ሆኖ ሱቅ አይዘልቅም። ስለዚህ ሐኪሞች ቀጭን ካሜራ በአፍንጫው አስገብተው ሥጋውን ሊያወጡለት ተወሰነ።

"ኢንፌክሽን እንዳይፈጠር ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ የአንቲባዮቲክ መርፌ እንሰጣቸዋለን። ከዚያ ወዲያ አያስፈልጋቸውም" አለች ዶክተሯ።

"አንድ?" አሉ ታላቅ ወንድሙ። ጋሼ ጥንቃቄ እንላቸዋለን፤ የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ባዶ ቦታ አይወዱም። "ለዚህ ሁሉ ሰውዬ አንዲት መርፌ? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል አልሰሙም?"

"ጋሼ፣ ይበቃቸዋል። ሲበዛ ሆድ ያበላሻል።"

"በሆዱ ምን አገባን? እኛ የመጣነው ለአፍንጫው!"

ቀዶ ሕክምናው ሰመረ። አጎታችን ቤት በገባ ዕለት ግን ጋሼ አስቸኳይ ጉባኤ ጠርተው "የመከላከል አቅማችንን አሟጦ ስለመጠቀም" ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ጉባኤተኛው ልቡ ተነካ። አክስታችን ከጥርሷ ሕክምና የተረፈውን የአንቲባዮቲክ እንክብል፣ አማቻችን ከቶንሲሉ የተረፈውን ይዘው ቀረቡ። ሌላ አንድ እንክብል ደግሞ ከማን እንደተረፈ አልታወቀም፤ ውሻችን ግን አትኩሮ ያየው ነበር።

"ኧረ እኔ ደህና ነኝ!" አለ አጎታችን።

"ከታመሙ ወዲያ ምን መከላከል አለ? ዋጥ!" አለችው ሚስቱ።

ዋጠ። ሳምንቱን ሙሉ ዋጠ። ሆዱ ግን የጉባኤውን ውሳኔ ሳያከብር ቀረ፤ ሰውየው መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ከረመ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው "አይዞህ፣ በሽታው እየወጣ ነው!" እያሉ ያበረታቱታል። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ፤ ፊቱ ገርጥቶ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ ነበር።

አንድ ማለዳ ከመጸዳጃ ቤቱ ጩኸት ተሰማ።

"ሸተተኝ! ኧረ ሸተተኝ!"

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሚስቱ በደስታ አለቀሰች፤ እኔም እንባዬ መጣ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

"የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ የእንክብሉን ሥራ ተመልከቱ!"

"ጋሼ፣ የእንክብሉን ሥራስ እኔ እያሸተትኩት ነው!" አለ አጎታችን ከውስጥ። "ይልቅ አንዳችሁ ሱቅ ሩጡና ሽቶ አምጡልኝ!"