ጋሽ ታደገ ያልነበሩበት ጨዋታ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ምንም ነገር ሲሆን እዚያው የነበረ ሰው። ድልድይ ሲመረቅ ነበረ። ጎርፍ ሲመጣ ነበረ። ንጉሥ ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ ንጉሡም ዞር ብለው አይተውታል። እንዲህ ያለው ሰው አንብቦ አይከራከርም። ለምን ብሎ ያነባል? «ነበርኩ እኮ» ይላል፣ ክርክሩም እዚያው ላይ ይዘጋል።

ለአትላንታ ሐበሾች የደረሷቸው ጋሽ ታደገ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፓይን ሌክ አጠገብ ባለችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ሰው ያስተናግዳሉ። ክራባታቸው ሆዳቸው ላይ ሲደርስ የሚያልቅ፣ ድምፃቸው ግን የማያልቅ ሰው ናቸው። የእሳቸው «ነበርኩ» ስለ ድልድይና ስለ ጎርፍ አይደለም፤ ስለ ኳስ ነው፣ እሱም ስለዚችው ስለ አትላንታ ኳስ። ወጣቶቹ «ሊቀ ኳስ» የሚል ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል። ቀልድ መሆኑን ሳይጠረጥሩ፣ እንደሚገባቸው አድርገው ተቀብለውታል።

አንድ ምስኪን የአትላንታ ዩናይትድን ማሊያ ለብሶ ከመጣ አለቀለት። ጋሽ ታደገ ማሊያውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያደርጉና «ይሄ ትናንት የተወለደ ነው፤ እኔ አያቱን አውቀዋለሁ» ብለው ይጀምራሉ። አያትየው አትላንታ ቺፍስ የሚባል የድሮ ቡድን ነው። ስብከቱ ተጀምሮ መዝሙሩ እስኪደገም፣ እሳቸው ገና የመሐል ተከላካዩ ላይ ናቸው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ስለ ሟቹ ደግነት መናገር ጀምረው በፍጹም ቅጣት ምት ጨረሱ፤ ማን እንደሞተ ለቀስተኛው ሁሉ ግራ ገባው።

ታዲያ የዓለም ዋንጫ ወደ አትላንታ ሊመጣ ወራት ሲቀሩት፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ከተማዋ ኳስ ታሪክ ለወጣቶች አንድ ምሽት ልታዘጋጅ ወሰነች። ተናጋሪው ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዝግጅቱ የተሰጠው ግን ለራኬብ ነው። ራኬብ በአትላንታ ዳርቻ ሊልበርን ያደገች፣ እዚያው አካባቢ ዲኬተር ውስጥ የምትሠራ ጠበቃ ናት። ስለ ኳስ የምታውቀው ክብ መሆኑን ነው።

ጋሽ ታደገን ቁጭ አድርጋ ጠየቀቻቸው። በስልሳ ዓመተ ምሕረት የእንግሊዙን ሻምፒዮን ማንቸስተር ሲቲን እዚህ አትላንታ ላይ አምስት ለባዶ ሸኘነው አሏት። «ሸኘነው» ያሉት ነገር አላማራትም። ቤቷ ገብታ 1960ን ብትፈልግ ቺፍስ የሚባል ቡድን ገና አልተፈጠረም። ውሸት ነው ብላ ልትተወው ስትል ለእናቷ ለወይዘሮ ሉሊት ደወለች። እናቷ ሳቁና በእኛ አቆጣጠር ይሆናል፣ ስምንት ደምሪበት አሏት። ብትደምር 1968 መጣ። ያን ዓመት ቺፍስ የእንግሊዙን ሻምፒዮን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ አሸንፏል፣ ያውም በዚያው ዓመት የአሜሪካን ዋንጫ ወስዷል። አምስት ለባዶ ግን አይደለም፤ የመጀመሪያው ሦስት ለሁለት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ናይጄሪያ በዘጠና ስድስቱ ኦሎምፒክ በኳስ ወርቅ ስትወስድ አቴንስ ነበርኩ አሏት። ራኬብ በትሕትና፣ ያ ኦሎምፒክ እኮ የተደረገው እዚሁ አትላንታ ነው አለቻቸው። «ኳሱ አቴንስ ነው» አሉ። ምስኪን፣ ኦሎምፒክና ግሪክ ተምታቶባቸዋል ብላ አዘነች። ኋላ ስታጣራ የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በምታስኬደው፣ በጆርጂያዋ አቴንስ ኖሯል። ሰው አቴንስ ሲባል ግሪክን ያስባል ብለው ጋሽ ታደገ አልጠረጠሩም።

ራኬብ ግራ ገባት። ውሸታም ምስክር ታውቃለች፤ እውነተኛም ታውቃለች። የሚያወራው ነገር እውነት ሆኖ፣ በውስጡ ያለው ውሸት «ነበርኩ» ማለቱ የሆነ ምስክር ግን ገጥሟት አያውቅም። ሰውየው አሜሪካ የገቡት በፈረንጆቹ 1980 መሆኑን ምእመኑ ሁሉ ያውቃል። ቺፍስ እንግሊዞቹን ሲያሸንፍ የት ሆነው ነው ያዩት?

ይህን ጥያቄ በሆዷ እንደያዘች ምሽቱ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ታደገ ማይኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንግሊዞቹ እንዴት አንገታቸውን ደፍተው እንደወጡ፣ እሳቸውም ከመስመሩ አጠገብ ሆነው እንዴት እንዳዩ ሲያወሩ ኤልያብ እጁን አወጣ። ኤልያብ እዚሁ ያደገ፣ አማርኛው እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ስልክ ግን አለው።

«ጋሽ ታደገ፣ ላይክ፣ በ1968 ስንት ዓመትህ ነበር?»

‹ዓመትህ› ሲል ሽማግሌዎቹ ተሸማቀቁ። ጋሽ ታደገ ክራባታቸውን ነካ አደረጉና ልጅ ነበርኩ አሉ። የት ብሎ ጠየቀ። ደሴ ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ የጥላቻ አልነበረም። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ሰዉ ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው የሳቁት። ማይኩን ለራኬብ ሰጥተው በሩ አጠገብ ወዳለችው የለመዷት ቦታ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት እሑዶች ጋሽ ታደገ በሩ ላይ «ጌታ ይባርክህ፣ ግባ» ከማለት በቀር አልተናገሩም። ማሊያ የለበሰ አለፈ፤ አልነኩትም። ሰዉ ሁሉ በሰዓቱ ገብቶ ከስብከቱ መጀመሪያ ጀምሮ መስማት ቻለ፤ ፓስተሩ ራሳቸው ነገሩ እንግዳ ሆኖባቸው ሁለት ጊዜ ወደ በሩ አዩ። ራኬብ ምን እንደከፋት አላወቀችም። እውነቱ ወጥቷል፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ኤልያብም አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «ጋሽ ታደገ ኦኬይ ነው?» አላት።

በመጨረሻ ሁለት ቲኬት ገዛችና ለቅዳሜው የአትላንታ ዩናይትድ ጨዋታ ጋበዘቻቸው። ጉልበቴን ያመኛል አሉ። ፓርኪንግ አይገኝም አሉ። በባቡር እንሂድ ስትላቸው ደግሞ እንዴት ተደርጎ ብለው ተቆጡ፣ በዚያው እሺ ማለታቸው ሆነ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። መኪናውን የነዳችው ራኬብ ብትሆንም መንገዱን ሁሉ የመሩት እሳቸው ናቸው፦ ይሄኛው ይዘጋል፣ በዚያኛው ግቢ፣ እዚህ ፓርክ ካደረግሽ ስትወጪ አትቸገሪም። ራኬብ እንዲህ በቀላሉ መሀል ከተማ ፓርክ አድርጋ አታውቅም።

በእግር እያወሩ ስታዲየሙ በር ደረሱ። ሰዉ ስልኩን እያሳየ ይገባል። ጋሽ ታደገ ቆሙ። ከኋላ የሚመጣው ሰው እየገፋቸው እያለፈ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

«ምነው ጋሼ? የረሳኸው... የረሱት ነገር አለ?»

«እስከዚህ ድረስ ነው የማውቀው» አሉ።

መጀመሪያ አልገባትም። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቆመው ነገሯት። አሜሪካ እንደገቡ ሥራ ያገኙት በድሮው ስታዲየም ፓርኪንግ ነው። ያን ጊዜ ፈርሶ የነበረው ቺፍስ በቀድሞ ስሙ እንደገና ተቋቁሞ እዚያ ይጫወት ነበር። መኪና አስገብተው፣ አሰልፈው፣ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። የዱሮዎቹ ደጋፊዎች መኪናቸው ላይ ተደግፈው ስለ እንግሊዞቹ ያወራሉ፤ እሳቸውም ያዳምጣሉ። በኦሎምፒኩም ጊዜ አቴንስ የሄዱት ለአውቶቡሶቹ ማቆሚያ ሥራ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በሩን አላለፉም።

«ጩኸቱ ሲነሳ እሰማለሁ» አሉ። «ሰው ሲወጣ እጠይቃለሁ፤ አንዱ አንድ ይለኛል፣ ሌላው ሌላ። አገጣጥሜ ይዤ ቤቴ እገባለሁ። የእንግሊዞቹንማ ደጋግመው ሲያወሩት፣ ከመስማት ብዛት ያየሁት መሰለኝ። ግን ንገሪኝ ልጄ፤ ናይጄሪያ ስታገባ ጩኸቱ እግሬ ሥር መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው፣ ያን ቀን አልነበርኩም ልበል?»

ፍርድ ቤት ቢሆን ራኬብ ምስክሩን አዎ ወይም አይደለም በል ትለው ነበር። ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ክንዳቸውን ያዘችና «ይግቡ» አለቻቸው።

ውስጥ ሲገቡ ሊቀ ኳስነታቸው ጠፋ። ጣሪያውን አዩ፣ ዙሪያውን የሚዞረውን ትልቅ ስክሪን አዩ፣ ሰዉን አዩ፤ ኳሱን ያዩት በመጨረሻ ነው። ጩኸት በተነሳ ቁጥር ሜዳውን ትተው ወደ እሷ እየዞሩ «ምን ሆነ?» ይላሉ። ሰው ከስታዲየም ሲወጣ መጠየቅ ነው የለመዱት። ራኬብም ምኑም ሳይገባት በሙሉ ልብ መለሰች። ፋውል ነው አለች። ለማን ሲሏት ለእኛ አለች። ኦፍሳይድ የሚለውንም ቃል አንድ ሁለት ጊዜ ጣል አደረገችው፤ ጋሽ ታደገ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሏት። አንዳንዱ ትክክል ሳይሆን አይቀርም።

ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ። ሰዉ እያጉረመረመ መውጣት ጀመረ፤ እሳቸው ግን አልተነሱም። በረኛው እነሱ ወዳሉበት ወገን መጥቶ እጁን አነሳ። ጋሽ ታደገም ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ፣ ወዲያው ግን ሰላምታው ለእሱ ይሁን ለሌላ እንዳልለየ ሰው መለስ አደረጉት።

በማግስቱ እሑድ ኤልያብ ማሊያ ለብሶ መጣ፤ አስቦበት ይሁን ሳያስብ አይታወቅም። ጋሽ ታደገ በሩ ላይ ቆመዋል። ማሊያውን አዩ፣ ግራ ቀኝ አዩ፣ ከዚያ በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉት። ውስጥ መዝሙር ተጀምሯል፤ እነሱ ዙሪያ ግን ሰው ቆመ። ጋሽ ታደገ ስለ ጣሪያው አወሩ፣ ስለ ስክሪኑ አወሩ፤ መጨረሻ ላይ በረኛው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ለይቶ እሳቸውን ሰላም እንዳላቸው ተናገሩ።

ኤልያብ ፈገግ ብሎ ወደ ራኬብ ዞረ። «አብረሽው ነበርሽ አይደል? በረኛው ሪሊ ሰላም ብሎታል?»

ራኬብ ልትመልስ አፏን ከፈተች። የበረኛውን ፊት ለማስታወስ ሞከረች፣ ዓይኑ ወዴት እንደነበር። አልመጣላትም። የመጣላት ጩኸቱና ብርሃኑ ነው፣ ከጎኗም አንድ ሽማግሌ እጁን ሲያነሳ። እውነት ለመናገር አታውቅም። ጋሽ ታደገ ክራባታቸውን እያስተካከሉ ወደ መሬት ያያሉ።

«ሁለቴ» አለች።