ለርቢ የተሰጠ ጋሻ

በእኛ አገር ማንኛውም ነገር የሚከበረው ሥራ ከፈታ በኋላ ነው። ሽማግሌው ሲደገፈው የኖረው ምርኩዝ ከበር ኋላ ተጥሎ ይኖራል፤ ባለቤቱ ሲሞት ግን ስሙ «ቅርስ» ይባልና መስታወት ውስጥ ይገባል። ሰውም ያው ነው። ቁሞ ሳለ ወንበር ያልለቀቅንለትን ሰው፣ የሞተ ዕለት ድንኳን ሙሉ ሆነን ቆመን እንሸኘዋለን። ሙዚየም ማለት እንግዲህ ይኸንኑ ጠባያችንን ቢሮ ከፍተን፣ ኃላፊና ጥበቃ ቀጥረን የምናስተዳድርበት ቤት ነው። ተናደሃል እንዳትሉኝ። አዎ፣ ተናድጃለሁ።

አባታችን፣ ልጆቹ በቤታችን ቋንቋ «አዋ» የምንለው፣ ገሱባ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነበር። ከአባቶቹ የወረሰው የጎሽ ቆዳ ጋሻ ነበረው። ጋሻው ጦርነት አይቶ እንደሆነ እንጃ፤ ለቅሶ ግን ጠግቧል። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ወንዶቹ የሟቹን ጋሻና ጦር አንግበው፣ በለቅሶው ሜዳ እየሮጡ ያለቅሳሉ። የአዋ አያትም አባትም የተለቀሰላቸው በዚያው ጋሻ ነው። አዋ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበር ፉከራውን ትቶታል። ጋሻውን ግን ወይ ፍንክች! «መዝሙሩ ለነፍሴ ነው፤ ጋሻው ለአባቶቼ ነው። ባዶ እጄን ብሄድ ማን ነህ ይሉኛል?» ይል ነበር።

ታዲያ እንዴት ሙዚየም ገባ አትሉም? የአንድ ሙዚየም ኃላፊ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከሶዶ ድረስ በዚያ አስቸጋሪ መንገድ በሞተር ሳይክል መጣ። ሙዚየሙ የሕዝብ ነው፣ ሕዝቡ ካልሞላው ባዶ ቤት ነው አለ። ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። አዋ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሞት ታመጡልኛላችሁ? «ምን ጥያቄ አለው አባባ፣ ራሴ ይዤ እመጣለሁ» አለው። አለቀ። ታላቅ ወንድሜ ጳውሎስ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እያለ አጉረመረመ፤ የሰማው ግን የለም።

አዋ ሞኝ አልነበረም። ነገሩን የተረዳው እንደ ላም ነው። በእኛ ሰፈር ላም የሌለው ሰው የጎረቤቱን ላም ለርቢ ይወስዳል። ይቀልባታል፣ ያልባታል፣ ወተቷን ይጠጣል። ላሟ ግን የሰጪው ናት፤ የሚፈልጋት ቀን ሄዶ ገመዷን ይስባል። «ሙዚየሙም ጋሻ የሌለው ምስኪን ነው፤ ይጠብቅልኝ፣ እያሳየም ይጠቀምበት» አለን። መሥሪያ ቤትን እንደ ድሃ ጎረቤት አይቶ ያዘነለት ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለካ ለእንዲህ ዓይነቷ ላም ነው።

አዋ ክረምቱ ሊገባ ሲል ሞተ። ጳውሎስ በጠዋት ደወለልኝ። ድንኳን እየተተከለ ነው፣ አንተ ጋሻውን ይዘህ ና አለኝ። እኔ የማስተምረው ሶዶ ነው፤ ባጃጅ ይዤ ወደ ሙዚየሙ በረርኩ። ኃላፊው የለም። ሐዋሳ ስልጠና ላይ ነው፣ ስልኩም ዝግ ነው። ስልጠናው ስለ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ሙዚየም ማኅበረሰቡን እንዴት እንደሚያገለግል ነው አሉኝ። እግዜር ያሳያችሁ!

ምክትሉ ትሑት ወጣት ነው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለኝና፣ ጋሻው ከመስታወት ከወጣ እርጥበት ይጎዳዋል አለ። አያቶቼ በዝናብ ሲሮጡበት ኖረዋል እኮ አልኩት። «ያኔ ቅርስ አልነበረማ» አለኝ። ደግሞም ኮሚቴ ሳይፈቅድ አይወጣም። የኮሚቴው ሰብሳቢስ የት ናቸው? ቦዲቲ፣ ለቅሶ ላይ።

መስታወቱ ፊት ወስዶ አቆመኝ። ከጋሻው ሥር፣ «ይህ ጋሻ ታላቅ ሰው ሲሞት ለለቅሶ ይወጣል» ተብሎ ተጽፏል። ይወጣል ይላል እኮ! በጣቴ እያሳየሁ ጮህኩ። ጽሑፉ ስለ ባህሉ ነው አለኝ። ለመንኩት። አለቀስኩ፤ እዚያው፣ ሰው ፊት ሳላፍር። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ለማንም የማይፈቀደውን ፈቀደልኝ። ፎቶ አንሳው አለኝ።

አነሳሁት። ባነር ቤት ሄጄ በጋሻው ልክ አሳተምኩና በሚኒባስ ጭቃውን እየዋኘን ገሱባ ገባሁ። ጳውሎስ ባነሩን ዘርግቶ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በችኮላዬ ያላየሁትን እሱ አየ፤ ጋሻው መሐል ላይ፣ በመስታወቱ ነጸብራቅ ውስጥ፣ ስልክ የደገነ የኔ ፊት ጉብ ብሏል። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዳችንን ይዘን በሳቅን ነበር። ጳውሎስ ባነሩን በእንጨት ወጥሮ አነገበውና ሮጠ። ነፋስ ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። አንዲት አክስታችን ጠጋ ብላ፣ እያለቀስን ያለነው ለአባትህ ነው ወይስ ለአንተ አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። አዋ ሕይወቱን ሙሉ የፈለገው አንድ ሽኝት ነበር፤ እሱኑ ነሳነው።

ክረምቱ አልፎ ምክትሉ ደወለ። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ የለቅሶውን ባህል በተግባር የሚያሳይ ሰው ፈልገናል፣ ጋሻውም ይወጣል አለኝ። እርጥበቱስ? ተነጋግረንበታል አለ። ኮሚቴውስ? ወዲያው ፈቅዷል። ጳውሎስ ይህን ሲሰማ፣ ብትሄድ ወንድሜ አይደለህም አለኝ።

ሄድኩ። ጋሻውን መያዝ ስለፈለግሁ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እጄን ማንገቻው ውስጥ ሳስገባ፣ የአዋ ክንድ ያለሰለሰው ቆዳ ክንዴን ያዘኝ። ከዚያ በኋላ እንግዳ የለ፣ ወንበር የለ። በግቢው ውስጥ ሮጥኩ። አዋ፣ ይኸው አመጣሁልህ፣ ዘግይቼ አመጣሁልህ እያልኩ፣ በቤታችን ቋንቋ አለቀስኩ። ስቆም እንግዶቹ ተነሥተው እያጨበጨቡ ነበር።

ኃላፊው እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ። «መምህር! ይህን ሁሉ ችሎታ የት ደብቀኸው ኖርክ? ልክ አባቱ የሞተበት ሰው!» አለኝ። ምክትሉ ጫማውን ያያል። ኃላፊው ጋሻውን ከክንዴ በጥንቃቄ አውልቆ፣ በነጭ ጨርቅ ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ እንዴት ናቸው? ሰላም በልልኝ። ቃሌን አልረሳሁም፤ ቀኑ ሲደርስ ራሴ ይዤላቸው እመጣለሁ በላቸው።»

እሺ፣ እነግራቸዋለሁ አልኩት።