የእድሩ ጄኔሬተርና የመጨረሻው ስቴጅ

የዘመኑ ዕቃ ሁሉ ይቅር ባይ ሆኗል። ስልኩ ፊደል ብትስት ያርምልሃል፤ መኪናው ወደ ኋላ ስትነዳ ግድግዳ እንዳትገጭ ይጮህልሃል፤ የልጆቹ ጌምማ ጭራሽ እንደ እናት ነው። ብትሞት እዚያው የወደቅክበት ቦታ አቧራህን አራግፎ ያስነሳሃል፣ መንገዱ ቢጠፋህ በቀስት ይመራሃል፣ ሲደክምህ ሴቭ አድርገህ ትተኛለህ። እኔ የማውቀው ጌም እንዲህ አልነበረም። ያ ካሴት የሚገባበት፣ በሽቦ ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚሰካውን ማለቴ ነው። የሠሩት ሰዎች ምሕረት የሚባል ነገር በወሬም አልሰሙም። ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል። ሦስቱ ሲያልቁ የመጨረሻው ስቴጅ ላይ ብትሆን እንኳ አንገትህን ይዞ ወደ መጀመሪያው ይመልስሃል። ለምን እንደሞትክ አይነግርህም።

እንዲያውም የፈጠረው ሰው አንድ ቀን መገናኛ ታክሲ ተሰልፎ የሚያውቅ ይመስለኛል። ፀሐይ አናትህን እየበሳችው ተሰልፈህ፣ ተሰልፈህ፣ ጢምህ አድጎ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ተራ አስከባሪው "አባት፣ የእርስዎ ሰልፍ እኮ በዚያ ማዶ ነው" ይልሃል። ከመጀመሪያው ስቴጅ ትጀምራለህ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለቤቴ አስካለ በዓል ሲቃረብ ቆጡ ይጽዳ ብላ አዘዘችኝ። ስጎረጉር ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ የገዛሁላቸው ጌም ከነካሴቱ ወጣ። ልጆቼ አድገው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል፤ ጌሙ ግን ክፋቱ ቅንጣት አልቀነሰም። ያን ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሜሮን ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ሜሮን መገናኛ ካሉት ፎቆች ባንዱ ኮምፒውተር ስታናግር የምትውል ልጅ ናት። ዕቃውን አይታ ከት ብላ ሳቀች።

"ጋሼ፣ ይሄማ ኢዚ ነው! ያለው ሁለት በተን እኮ ነው። ሻይ እስኪፈላ እጨርስልዎታለሁ።"

ደሜ ፈላ። ወዲያው ተወራረድን። በዚያች ቀን ጌሙን ከጨረስኩ ሜሮን እስከ እንጦጦ ፓርክ በእግሯ አብራኝ ትወጣለች፤ ስልኳን ሳትነካም በወጣትነቴ እዚያው ጋራ ላይ ስላጋጠመኝ ጅብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሰማኛለች። ካልጨረስኩ ግን ዓመቱን ሙሉ በበዓል ማዕድ ላይ ወሬ የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም። እኔን ለሚያውቅ ይህ የሞት ፍርድ ነው። ያ ጅብ ሲጀመር አንድ ነበር። በየበዓሉ እየተራባ አሁን መንጋ ሆኗል፤ እኔ ምን ላድርግ?

ካሴቱ አልነሳም አለ። አውጥቼ እፍ አልኩበት።

"እፍ አይባልም ጋሼ፣ እርጥበቱ ያዝገዋል!"

በምድር ላይ እፍ ሳይባልበት የተነሳ ካሴት የለም። ተነሳ። ሜሮን ጀመረች። አንዲት ዳክዬ መሳይ ፍጡር እየተንቀረፈፈች መጣችና ነካቻት፤ ሞተች።

"ምንም ሳይለኝ? ማሳያ እንኳ የለውም?"

"እየሞትሽ ነው የምትማሪው።"

ቀጥሎ ገደል መጣ። ስትዘል ከሰማይ ወፍ ወርዳ መታቻት።

"ፌር አይደለም! ወፏ እኮ ልክ ስዘል ጠብቃ ነው የምትመጣው!"

"ታዲያ ቆመሽ ምን ልታደርግሽ ትምጣ?"

ሦስተኛዋ ነፍስ እንዴት እንደወጣች ለክብሯ ስል አልናገርም። ሻዩ ገና አልፈላም ነበር።

ተራው የእኔ ሆነ። እናንተዬ፣ ጣቶቼ ምንም አልረሱም! ወፏን መነጽሬን ሳላደርግ በክንፏ ድምፅ ለየኋት። ስቴጁን በስቴጅ ላይ እየደራረብኩ የመጨረሻው ዘንዶ ፊት ቆምኩ፤ ቁመቱ የእንጦጦን ጋራ ያህላል። እሺ፣ የቴሌቪዥኑን ያህላል።

መብራት ሄደ።

"ጋሼ፣ ከመጀመሪያው!" አለች ሜሮን፤ ደስታዋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የሰፈራችን እድር ንብረት ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱና አዲሱ ጄኔሬተር በእኔ ቁልፍ ሥር ናቸው። ጄኔሬተሩ ለለቅሶ እንጂ ለሌላ አይወጣም። ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ ከሜሮን ጋር እየገፋን አመጣነውና ጭሱ ቤት እንዳይገባ ከግቢያችን በር ውጭ አቁመን አስነሳነው። ድምፁ እንጦጦ ፓርክ የሚንሸራሸሩትን ሳያስደነግጥ አልቀረም። የእድሩን ዕቃ ቤት በር በችኮላ ክፍቱን ትቼዋለሁ። በራችንን ዘግተን ወደ ዳክዬዋ ተመለስን።

ከዚያ ወዲያ ውጭ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። በእኛ ሰፈር የእድሩ ጄኔሬተር አንድ ቤት በር ላይ ከቆመ "ማን ሞተ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ነጠላህን አዘቅዝቀህ፣ አንገትህን ደፍተህ መጥተህ ትቀመጣለህ፤ ሟቹን ከአልቃሹ አፍ ትሰማለህ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ መጣ። ጎረምሶቹ የተከፈተውን ዕቃ ቤት አይተው ድንኳኑን አውጥተው ተከሉት፣ አግዳሚውን ደረደሩት። ሁሉም፣ አጠገቤ ያለው ያውቃል ብሎ ከንፈሩን እየመጠጠ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉ ሰው ማንን እንደሚያለቅስ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

በዚህ መሐል አስካለ በርበሬና ሽንኩርቷን ይዛ ከሾላ ገበያ ደረሰች። ሁለት ሴቶች ፈጥነው ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙ። አልነገሯትም፤ የሚነግሯትም አልነበራቸውም። ግን ድንኳኑ የተተከለው በእሷ ደጅ ነው፤ ቤት ትታ የሄደችው ደግሞ እኔን ነው።

እኔ በዚያች ሰዓት ዘንዶው ፊት ነኝ። የቀረችኝ አንዲት ነፍስ፣ የቀረው አንድ ምት። ሜሮን ውርርዱን ረስታ ተንበርክካ "ጋሼ በርቱ! ግራ! ግራ!" ትለኛለች። ያኔ ነው ከጄኔሬተሩ በላይ ጩኸት የተሰማው።

"ደምሴ! የኔ ጨዋ! የኔ ቁምነገረኛ! ውሸት ካፉ ወጥቶ የማያውቀው!"

የትኛው ደምሴ ይሆን አልኩ። በሰፈራችን ከእኔ ሌላ ደምሴ የለም።

እውነቱን ልናገር፣ ሙገሳው ጥሞኝ ትንሽ ላዳምጥ ፈልጌ ነበር። የጌሙን ማቆሚያ በተን ግን ልጆቼ ድሮ ነቅለዋታል፤ ያ ጌም ቁጭ ብለህ ካልጠበቅከው አይጠብቅህም። ደግሞ አስካለ ሁለተኛ ስትጮህ ድምፅዋ ተሰበረ። ያ ለወግ የሚለቀስ ለቅሶ አልነበረም። ጆይስቲኩን ጣልኩት።

"አንድ ምት ነው የቀረው ጋሼ! አንድ!" ብላ ሜሮን እጅጌዬን ያዘች።

ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ባልቴት ሦስት ጊዜ አማተቡ። አስካለ መጥታ ደረቴን፣ ፊቴን፣ ጆሮዬን ዳሰሰች። መኖሬን ካረጋገጠች በኋላ የበርበሬውን ፌስታል አንስታ ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው።

"አንተ ሰው! ቆይ እኔው ገድዬህ ልረፍ፤ ድንኳኑ እንደሆን ተተክሏል!"

"እሱስ ይሁን፤ ቅድም ያልሽውን፣ ያንን 'ውሸት የማያውቀው' ያልሽውን እስቲ አንዴ ድገሚው።"

"እሱ ለሟቹ ነው!"

ሊቀመንበራችን አቶ ለማ፣ ሲስቅ ታይቶ የማያውቅ ሰው፣ "የእድር ጄኔሬተር ለጨዋታ?" ብሎ ጥፋቱን በዓይኑ ሊያይ ቤት ገባ። ስክሪኑ ላይ ዳክዬዋ ትንቀረፈፋለች።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

ተቀመጠ። ሞተ። እንደገና ጀመረ፤ ገደሉ ጋ ደረሰ።

"ይቺ ወፍ ምን ማለቷ ነው?" አለ በቁጣ። "ቆይ፣ ልድገመው።"

ለቅሶ ደራሹ ከኋላው ተሰለፈ። አግዳሚው ራሱ ወደ ሳሎን ገባ። ያዘቀዘቀ ነጠላውን ሳያስተካክል ያልተጫወተ የለም ብላችሁ እመኑኝ፤ ሦስተኛውን ስቴጅ ያለፈ ግን አንድም ሰው ሳይገኝ ቤንዚኑ አለቀ። ጄኔሬተሩን ብቻዬን ገፍቼ እንድመልስና በቀጣዩ ለቅሶ ብረት ድስቱን እንዳጥብ ተፈረደብኝ። ፍርዱን የሰጠው አቶ ለማ ሲወጣ ቀስ ብሎ "መብራት መቼ ይመጣል ይላሉ?" ሲል ጠየቀኝ።

መብራቱ በዚያች ቀን ሳይመጣ አደረና ውርርዱን ተሸነፍኩ። ፋሲካ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ "እስቲ የሞቱበትን ቀን ያጫውቱን" እያለ ይለምነኛል፤ አፌን ስከፍት ሜሮን "ጋሼ፣ ውርርድ!" ትላለች። እንዲህ ያለ ወሬ በሆዴ ይዤ ዝም ብዬ ስበላ ዋልኩ። ያን ቀን ያለ ድምፅ የምትንቀረፈፈዋን ዳክዬ ሆኜ ነበር።

ግን የተወራረድነው በአፍ ነው። ስለ እጅ የተነሳ ነገር የለም። ጡረታ ላይ ነዎት፣ ይለማመዱበት ብላ አሮጌ ላፕቶፗን የሰጠችኝም ራሷ ሜሮን ናት። ጅቦቹንም እዚህ ላይ ላስገባቸው አስቤ ነበር፤ መብራቱ ግን ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረብኝ።

ይቺን ሴቭ አድርጌያታለሁ።