እመቤት የማትበርበትን ምክንያት ለማጣራት የተቀመጠ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ
ቦታ፦ የሕንጻው አምስተኛ ፎቅ፣ የሰብሳቢዋ ቤት፣ ልብስ ስፌት ክፍል፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ
ሰዓት፦ ለስምንት ተጠርቶ ስምንት ተኩል ተጀመረ

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፦ ልብስ ሰፊዋ፣ የጸሐፊዋ አክስት
አባል፦ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር። ከመናገራቸው በፊት እጃቸውን ወደ ጎን ስለሚያወጡ ጋሽ ፍሬቻ ይባላሉ
አባል፦ የጥርስ ሐኪሙ
አባል፦ የሉካንዳው ባለቤት
ጸሐፊ፦ በአክስቷ ቤት ዲግሪ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች በአክስቷ የተመደበች
ያልተገኘ፦ የሕንጻው ጥበቃ፣ በር ላይ ተረኛ ስለሆነ

ከስድስቱ የጭልፊት ጠባቂ በጎ ፈቃደኞች አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ባለፉት ስብሰባዎች አባላት "አንዴ አይቻት ልምጣ" እያሉ የጣሪያውን ቁልፍ ይዘው በየተራ ይወጡ ስለነበር፣ ሰብሳቢዋ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው መሀል አስቀምጠዋል። ስብሰባው ሳያልቅ ቁልፉን የነካ ከአባልነት እንደሚሰረዝም አሳስበዋል።

አጀንዳዎች፦
1. የእመቤት አለመብረር
2. መፍትሔ
3. የጸሐፊዋ ጉዳይ

አጀንዳዎቹ እንደተነበቡ ጸሐፊዋ ሦስተኛው አንደኛ ይሁንልኝ ስትል ጠይቃለች። ምክንያቷንም ስታስረዳ በሌላ ከተማ ሥራ ማግኘቷን፣ አውቶቡሱ ነገ ማለዳ እንደሚነሳ፣ ሻንጣዋም ከትናንት ጀምሮ በሩ ሥር እንደቆመ ገልጻለች። ሰብሳቢዋ ግን፣ "መጀመሪያ እመቤት ትብረር፤ ያንቺ ይደርሳል" ብለዋል። ጸሐፊዋ እመቤት ዓመቱን ሙሉ ባትበርስ ብላ ብትጠይቅም ጥያቄው ከአጀንዳው ውጪ ነው ተብሎ ታልፏል።

አጀንዳ አንድ

ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ካለው ጎጆ ከተፈለፈሉት ሦስት ጫጩቶች ሁለቱ ወንዶች ከበረሩ ሳምንት አልፏቸዋል። ሦስተኛዋ፣ ተቀምጣ በመታየቷ ብቻ እመቤት የተባለችው፣ እስካሁን ከጠርዙ አልተነሳችም።

የጥርስ ሐኪሙ ከመጽሐፍ ያነበቡትን አስረድተዋል። የጭልፊት እናት ልጆቿ ላባ ሲያወጡ ምግብ አፋቸው ድረስ ማምጣት ትቀንሳለች፤ ያደነችውን እርግብ በጥፍሯ አንጠልጥላ ፊት ለፊታቸው ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ የራበው በርሮ አየር ላይ ይቀበላታል። ሰብሳቢዋ ይህን በመስኮታቸው በየቀኑ እንደሚያዩት፣ በየቀኑም ደማቸው እንደሚፈላ ገልጸው፣ "እናት ናት እንጀራ እናት?" ሲሉ ጠይቀዋል።

ጋሽ ፍሬቻ እጃቸውን ወደ ግራ አውጥተው፣ እናትየው ልክ መሆኗን፣ መሪውን ሳይዝ መንዳት የተማረ ሰው እንደሌለ ተናግረዋል።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊዋ አንድ ነገር አልገባኝም አለች። እመቤት ከእናቷ ምንም ካልተቀበለች ሳምንት ሊሆናት ነው፤ በመነጽር ስትታይ ግን ከወንድሞቿ ይልቅ ወፍራለች። ይህ እንዴት ይሆናል?

አባላቱ ለጥቂት ጊዜ ቁልፉን ሲመለከቱ ቆይተዋል። የጥርስ ሐኪሙ እብጠት ሊሆን ይችላል ብለዋል። የሉካንዳው ባለቤት አጥንቷ ትልቅ ነው ብለዋል። ሰብሳቢዋ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ ብለዋል።

አጀንዳ ሁለት

ጋሽ ፍሬቻ በጠርዙ ትክክል መንገዱ ላይ አንሶላ እንዲዘረጋ ሐሳብ አቅርበዋል። አንሶላው የማን ይሁን በሚለው ላይ ክርክር ተነስቶ፣ ሐኪሙ የሕክምና ቤታቸው አንሶላ ነጭ መሆኑን፣ ሰብሳቢዋ ነጭ የሆነ ነገር ሁሉ ንጹሕ አለመሆኑን ገልጸዋል። ሁለቱ ለጊዜው አልተነጋገሩም። ከረዥም ውይይት በኋላ ሁለቱ አንሶላዎች ተሰፍተው አንድ እንዲሆኑ ተወስኗል።

በመቀጠል ሐኪሙ፣ እመቤት የሚታይ አርአያ ስላጣች አንድ የኮሚቴ አባል በትይዩው ሰገነት ላይ ቆሞ ክንፍ የመምታት ትምህርት እንዲሰጣት ጠይቀዋል። የሉካንዳው ባለቤት በክብደታቸው፣ ጋሽ ፍሬቻ በወገባቸው፣ ሐኪሙ በደንበኞቻቸው ምክንያት አይቻለንም ብለዋል። ዲግሪ ያላት ታስተምር በሚል ጸሐፊዋ በአብላጫ ድምፅ ተመርጣለች። ዲግሪዋ የስታቲስቲክስ መሆኑን ማስታወሷ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቃ ተይዟል።

በመጨረሻም ሰብሳቢዋ፣ ከትይዩው ጣሪያ ላይ ልብ የሚያስደፍር ነገር፣ ለምሳሌ የበሬ ልብ፣ ተቀምጦ እመቤት እንድትጠራበት ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ የሉካንዳው ባለቤት ደስ ብሏቸው ምስጋና አቅርበዋል። እንደ እርሳቸው አባባል ከጸሐፊዋ በቀር እዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉት ሁሉ በየማለዳው ለየብቻቸው እየመጡ ጥሬ ልብ ሲገዙ ሰንብተዋል። "ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ድመት ያሳደጋችሁ መስሎኝ ነበር" ብለዋል።



መጀመሪያ የተናገሩት ሐኪሙ ናቸው። ልቡን አድቅቀው፣ በረዥሙ መቆንጠጫቸው ከጣሪያ ወደ ጠርዙ ያወርዱላት እንደነበር አምነው፣ ጥርስ እንደሌላት ሲያዩ ሙያቸው ዝም እንዳላሰኛቸው ገልጸዋል። ጋሽ ፍሬቻ እጃቸውን ሳያወጡ፣ ከአሮጌ አውቶቡስ አንቴና የተሠራ መንጠቆ እንዳላቸው ተናግረዋል። የሉካንዳው ባለቤት እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ንጹሕ ነኝ ካሉ በኋላ ሲጠየቁ፣ የሰጧት ምርቃቱን ብቻ መሆኑን አክለዋል።

ሁሉም ወደ ሰብሳቢዋ ዞሩ። ሰብሳቢዋ ቁርጡን በመርፌ ወግተው በክር ያወርዱ እንደነበር፣ ክሩም ጥቁር፣ ጠንካራውና ውዱ እንደነበር አስረድተዋል። "አንጀቴ አልችል አለኝ። ባዶ ሆዷን ሰማይ ላይ ልልቀቃት?" ብለዋል። ይህን ሲናገሩ ያዩ የነበረው በሩ ሥር የቆመውን ሻንጣ ነው።

ጸሐፊዋ ወዲያው የውሳኔ ሐሳብ አርቅቃ አንብባለች፦ "ራሱን ችሎ መብላት ለሚችል ለማንኛውም አካል ምግብ ይዞ መሄድ ክልክል ነው።" ሰብሳቢዋ ማንኛውም አካል ሲባል ሰውንም ይጨምራል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የተጻፈ መሆኑን መልሳለች። በአራት ድጋፍና በአንድ ኩርፊያ ጸድቋል።

አጀንዳ ሦስት

ጸሐፊዋ አፏን ስትከፍት የጥበቃው ድምፅ ከደረጃው ተሰማ። ትንፋሽ አጥሮት ገብቶ፣ "እትዬ፣ እመቤት ሄደች" አለ።

ስብሰባው በሥርዓት ሳይቋረጥ ሁሉም መስኮቱ ላይ ተደርበዋል። ጥበቃው እንዳስረዳው፣ እናትየው ከቀትር ጀምሮ እርግብ አንጠልጥላ ስትመላለስ፣ እመቤት ስትጮህ ስትጮህ ቆይታ በመጨረሻ ዘላለች። ሁለት ፎቅ ያህል እንደ ድንጋይ ወረደች። ከዚያ ክንፏ ተከፈተ፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ ስትደርስ ዞረች፣ ከታች መጥታ እርግቧን ከእናቷ ጥፍር ነጠቀች። አባላቱ ሲያዩዋት ከትይዩው ጣሪያ ላይ ከተሰጣ ልብስ ጋር ተጠላልፋ አርፋ፣ ላባ እየነጨች ነበር።

ጋሽ ፍሬቻ፣ "ፍሬቻ ሳታሳይ ታጠፈች" ብለው ዓይናቸውን ጠርገዋል። ሰብሳቢዋና ሐኪሙ ስለ አንሶላ የተባባሉትን ረስተው ተቃቅፈዋል።

ወደ ጠረጴዛው ሲመለሱ ቁልፉ እንደተቀመጠ ነበር። ሰብሳቢዋ ዛሬ ማለዳ ማን እንዳበላት ጠየቁ። ስብሰባ ስላለ ከማለዳ ጀምሮ ሥራቸውን ሲጨርሱ መዋላቸውን፣ ከስብሰባው በፊት ብቅ እላለሁ ብለው ማሰባቸውን ሁሉም ተናገሩ። ለዚያ ሲደርሱ ግን ቁልፉ አስቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ለእመቤት ያደረገላት አንድ ጠቃሚ ነገር፣ እጁን አጣጥፎ በአንድ ክፍል መቀመጡ ብቻ መሆኑ ታምኖበታል።

በመሆኑም ስለ አንሶላው፣ ስለ ክንፍ ትምህርቱ፣ ስለ በሬው ልብና ስለ ምግብ ክልከላው የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ ቀረበ። ጸሐፊዋ "ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ የተወሰነውና የተመደበው ሁሉ" ተብሎ እንዲስተካከል ጠየቀች። ሐኪሙ እንዲህ ከሆነ የጸሐፊነት ምደባዋም አብሮ ይሻራል አሉ። ጸሐፊዋ አዎ አለች።

እጅ እንዲወጣ ተጠየቀ። ሦስቱ አባላትና ጸሐፊዋ ወዲያው አወጡ። ሰብሳቢዋ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ሻንጣው፣ ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ አዩ። እጃቸውን ያወጡት ዘግይተው ነው፤ አውጥተዋል ግን። ሁሉም ነገር በሙሉ ድምፅ ተሽሯል።

ከዚህ በኋላ ሰብሳቢዋ ማብራሪያ ጠይቀዋል። የምግብ ክልከላውም ከተሻረ፣ ራሷን ችላ መብላት ለምትችል አካል ስንቅ መቋጠር ተፈቅዷል ማለት ነው? ሕጉን የሚከራከር አልተገኘም። ሰብሳቢዋ መቀሳቸውን አስቀምጠው ወደ ኩሽና በመግባታቸው፣ ስብሰባው ሰብሳቢ በማጣት አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ተበትኗል።

ቃለ ጉባኤውን የያዘችው፦ የቀድሞ ጸሐፊ