አባ ሰንጋና አቶ ይደር

በየከተማው አንድ «ይደር» ባይ አይጠፋም። ሰው ሁሉ የጨረሰውን ነገር ለነገ ካላሳደረ እንቅልፍ አይወስደውም። የፍኖተ ሰላሙ ግን ከሁሉም ይብሳሉ ይላል ደረሰ፤ ጎረቤታቸው ነውና ያውቃል።

ክቡር አቶ ክንፈሚካኤል፣ የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ሹም፣ ጫማ ለመግዛት ቡሬ ገበያ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሰዋል። ሊያገቧት የጠየቋት ልጅ አባት ወዲያው እሺ ቢሉ፣ «ቶሎ እሺ ያለ ሰው ያጠራጥራል፤ ይደር» ብለው ሽማግሌዎቹን ያስመለሱ ሙሽራም እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የቅዳም ሹር ጠዋት፣ የደረሰ በሬ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ በክት አይበላም። ደረሰ ነፍሱ ሳትወጣ ባርኮ አረደው፤ ገፎም ለቅርጫ በኮባ ቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ መደበ። ባለመደቦቹ ከፍለው ሥጋውን ከወሰዱለት ወይፈን ይገዛበታል፤ ካልወሰዱለት ለክረምቱ የሚጠምደው የለውም።

ከባለመደቦቹ አንዱ አቶ ክንፈሚካኤል መጥተው ደሙን አዩ። ጠቁሯል፤ አልረጋም። በብልቃጥ ቀዱና፣ «አባ ሰንጋ እንዳይሆን። ይደር» አሉ።

«አምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ይደር ይባላል? በዚያ በማጉያ መነጽርዎ አይተው አይነግሩንም?» አለ ደረሰ።

«አባ ሰንጋን የሚመስል የማይጎዳ ጀርም አለ፤ መነጽሩ አይለየውም። ሳህን ላይ አራባውና ጠብታ አኖርበታለሁ። ጠብታው ውስጥ ጀርም የሚበላ ረቂቅ ነገር አለ። ከአባ ሰንጋ በቀር ሌላ አይቀምስም።»

«ከኛ የባሰ ጾመኛ ነዋ!» አሉ ሌላው ባለመደብ ቄስ ወልደ ሥላሴ፤ ሰው ሳቀ። ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ሥጋውን አሳደሩት። ደረሰ አቶ ክንፈሚካኤልን በልቡ ረገማቸው።

የትንሣኤ ዕለት መንደሩ በእንቁላልና በአይብ ፈሰከ። ረፋድ ላይ አቶ ክንፈሚካኤል ደረሰንና ቄሱን ጤና ጣቢያ ጠርተው ሳህኑን ከሩቅ አሳዩ። ጀርሙ እንደ ስልባቦት ሸፍኖታል፤ ጠብታዋ ባረፈችበት ግን ተበልቶ ጠርቷል። ሥጋው ከነቆዳው ጥልቅ ጉድጓድ ገባ። ደረሰ አፈሩን እየመለሰ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ክንፈሚካኤል በየማለዳው እየመጡ ደረሰ በሬውን የገፈፈበትን እጁን ማገላበጥ ጀመሩ። በአራተኛው ቀን አንጓው ላይ መካከሏ የጠቆረ ቁስል አገኙ።

«አታመኝም። ትደር» አለ ደረሰ፣ ኩርፊያው ሳይለቀው።

አቶ ክንፈሚካኤል በጋቢው ጎትተው፣ በገበያው መሐል እያሯሯጡ ወስደው ፔኒሲሊን አስወጉት። ሲሮጡ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁንም ጠላ ቤት ጎረምሶቹ «አቶ ይደር» እያሉ ሲያፌዙባቸው ደረሰ ዋንጫውን ያስቀምጣል።

«የበሬዬን ነገር አልረሳሁላቸውም» ይላል። «ግን ሚስቴ ታንጉት ነጠላዋን ለሐዘን ያላዘቀዘቀችው በማን ሆነና! ማማት ካማራችሁ እኔ ልውጣላችሁና እሟቸው።»

ይልና እዚያው ይቀመጣል፤ አይወጣም።