ነጠላ የለበሰው የዓሣ ዘንግ

የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ መታጠፍ ተምሯል። ወንበሩ ይታጠፋል፣ አልጋው ይታጠፋል፣ ድንኳኑም እንደ ሸሚዝ ተጣጥፎ ብብት ሥር ይገባል። ይህ እንደ እኔ ላለ ፈሪ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የያዝኩት ይጠፋብኛል እያልኩ ስሰጋ ነው ያረጀሁት፤ ዕቃዬ ባነሰ ቁጥር ስጋቴም የሚያንስ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሱልጣን፣ እዚሁ ሀና ማርያም የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤቴ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲሰጠኝ ልቤ ተሰረቀ። እንደ ሬዲዮ አንቴና አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገባ ክንድ የማያህል ነገር ይሆናል። “ጋሼ፣ ዝዋይ ወርደን ድንኳን ተክለን እናድራለን። እርስዎ ብቻ ዕቃ ያሳንሱ” አለኝ።

ዕቃ ማሳነስ፣ ለእኔ! መንጠቆዎቹን እንዳይወጉኝ የአሮጌ ሲሊፐር ቁራጭ ላይ ሰካኋቸው። ክሩን ወደ ውኃ የሚያሰምጡትን እርሳሶች የደም ግፊት ክኒኔ ባለቀበት ብልቃጥ፣ የክሩን ማጠንጠኛ በካልሲ፣ ካልሲውን በጫማ ውስጥ ከተትኩ። ዘንጉን ደግሞ እንዳይጫር ብዬ ጥበብ ባለው የነጠላ ቅዳጅ ጠቅልዬ አሰርኩት።

እናንተ ጥፋቴን ከወዲሁ አይታችሁት ይሆናል። እኔ አላየሁትም።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። የሰፈሩ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙበት፣ ሽማግሌው ገዳም ወርዶ ሱባዔ የሚይዝበት ሰሞን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሚያውቁት ትቼ፣ “እኔ አጠምዳለሁ እንጂ አልበላም” እያልኩ ራሴን ሳባብል ከርሜያለሁ። ቢሆንም ሰው እንዳያየኝ ማልጄ ነው በር ላይ የቆምኩት። ጋቢ ለብሼ፣ ትንሽ ቦርሳ አንግቤ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ቀጭን ነገር ይዤ።

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ከኪዳን ሲመለሱ አዩኝ።

“ጋሽ አየለ! ለሱባዔ ነው?”

“ወደ ዝዋይ ነው” አልኩ። ውሸት የለበትም።

“ደሴቱ ገዳም! ጧፍም ይዘዋል!” አሉና ዘንጉን ከነነጠላው ተሳለሙት።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። “ዓሣ” ማለት። እኔ ግን የዘንጉን ነጠላ አጠበቅኩ። እትዬ አስካለ ልጃቸው በሰላም ብትገላገል ለዚያ ገዳም ጃንጥላ ሊያስገቡ ተስለው ነበር። ልጅቱ ተገላገለች፤ እሳቸውን ግን ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። “ስለቴን ሳላደርስ እንዳልሞት ነበር ፍርሃቴ” እያሉ፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ገብተው ጃንጥላውን ይዘው ወጡ። ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል። እጀታው አይታጠፍም።

ሱልጣን በፒካፑ ደረሰ። ጃንጥላውን አየ፣ እኔን አየ። “ጋሼ፣ ዝናቡን ይህን ያህል ፈርተውታል?” አለኝ። እትዬ አስካለን ተሰናብተን ስንርቅ ሁሉንም ነገርኩት።

ሐይቁ ዳር ሱልጣን ድንኳኑን ተከለ። እኔ ዘንጉን እመዛለሁ፤ ዓይኔ ጃንጥላው ላይ ያርፋል፤ ዘንጉን መልሼ እጠቀልላለሁ። ሱልጣን ሲያየኝ ቆይቶ፣ “ጋሼ፣ ዓሣው የትም አይሄድ። የእናታችንን አደራ እናድርስ” ብሎ ጃንጥላውን ተሸክሞ ጀልባ ላይ ወጣ። ሙስሊሙ ሱልጣን ስለት ተሸክሞ ከፊት፣ ማተብ ያሰርኩት እኔ መንጠቆ ይዤ ከኋላ።

ደሴቱ ላይ የተቀበሉን አባት፣ “በማን ስም ይጸለይ?” አሉኝ። የእትዬ አስካለን የክርስትና ስም አልጠየቅኩም! ለመንጠቆ የተጨነቅኩ ሰው። ደወልኩላቸው። “ወለተ ሚካኤል” አሉኝ እያለቀሱ። “በእውነት ደርሰዋል ማለት ነው። ጧፉንስ አበሩልኝ?”

ዘንጉ ብብቴ ሥር ነው። “አሁን አበራለሁ” አልኩ። አባ ብብቴን ተመለከቱ። ፊቴ እንዴት እንደነደደ ብታዩ ኖሮ ሌላ ጧፍ አያስፈልግም ትሉ ነበር። ከእሳቸው ላይ አንድ ለምኜ አበራሁ።

በማግስቱ በዘንጌ ያጠመደው ሱልጣን ነው። እኔ በነጠላው ቅዳጅ የዓሣውን ውኃ ስጠርግ ዋልኩ።

ሀና ማርያም ስንመለስ እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁን።

“ጧፉ አለቀ?”

“አለቀ።”

“እንግዲያው ጨርቁን ለበረከት ይስጡኝ።”

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አሸተቱትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። “እንዴት ያለ የገዳም ሽታ ነው!” ሱልጣን መሪው ላይ ተደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጨርቁ አሁን የልጅ ልጃቸው ትራስ ሥር ነው።

ሱልጣን ከዚህ ኀፍረት ሊያወጣኝ አስቦ፣ ጎኑ ላይ ትልቅ ዓሣ የተሣለበት የዘንግ ማኅደር አመጣልኝ። ይህን ያየ ማንም አይሳሳትም ብዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ ደረቴን ነፍቼ በር ላይ ቆምኩ። እትዬ አስካለ መጡ። ሥዕሉን አዩት፣ ቀና ብለውም አዩኝ።

“አይ ጋሽ አየለ” አሉ በስስት፣ “ሐዋርያትም እኮ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። እነሱን አስበው ነው!” አሉና ማኅደሩን ተሳለሙት።

እኔም ምን ልበላችሁ፣ “አሜን” አልኩ።