መታጠፊያ ላይ ስለምትጮኸው መኪና የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከቀኑ 8፡15 (የተጠራው ለ7፡30 ነበር)

ቦታ፦ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ አሮጌ ጎማ ላይ። ሰብሳቢው ሁለት ጎማ ደርበው፣ ሌሎቻችን በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ።

የተገኙ፦
1. የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ አባል (የሰብሳቢው ሚስት ወንድም፤ ዝምድናው አይመለከተንም ተብሏል)
3. የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ፣ አባል
4. ዘበኛው፣ አባል (ተኝተዋል፤ ምልዓተ ጉባኤ ስለጎደለ ተቆጥረዋል)
5. መካኒኩ፣ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው
6. ሾፌሩ፣ ተከሳሽ
7. እኔ፣ ጸሐፊ፤ እስክሪብቶ ይዤ በመገኘቴ የተመረጥኩ

አጀንዳ አንድ፦ ባለአራት ጎማዋ መኪና መታጠፊያ ላይ ለምን ትንቀጠቀጣለች? ከሥሯስ ጓ ጓ የሚለው ምንድን ነው?

መካኒኩ ሳይጠየቅ መለሰ። ፎርዊል የምታስገባው፣ ማለትም ሞተሩ አራቱንም ጎማ እንዲያዞር የምታደርገው ትንሿ ማርሽ ለጭቃ እንጂ ለደረቅ አስፋልት እንዳልተሠራች፣ መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል መንገድ እንደማይሄዱ፣ አንድ ላይ ሲታሰሩ እንደሚጣሉ፣ ጭቃ ላይ ተንሸራተው እንደሚታረቁ፣ አስፋልት ላይ ግን አንገት ለአንገት እንደሚተናነቁ አስረዳ።

ሰብሳቢው «ማንም ጎማ በአጃቢነት አይዞርም» የሚለውን የራሳቸውን መመሪያ ጠቅሰው፣ ማርሿ ዓመቱን ሙሉ ገብታ የኖረችው በዚሁ መሠረት መሆኑን፣ ነገሩም ያለቀለት መሆኑን ገለጹ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጥርጣሬያቸው ትርፍ ጎማው ላይ መሆኑን ተናገሩ። ያለ ሥራ ተንጠልጥሎ ስለሚውል በሚሠሩት ይቀናል አሉ። ጸሐፊው አባሉ ይህን የሚናገሩት ከራሳቸው ተሞክሮ እንደሆነ ጠይቆ ሥነ ሥርዓት እንዲይዝ ተነገረው።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ደግሞ መኪናዋ የምትጮኸው ስትታጠፍ ብቻ ከሆነ እንዳትታጠፍ ሐሳብ አቀረቡ። ሾፌሩ ግቢው በር ላይ መታጠፊያ እንዳለ አስታወሰ። ከረጅም ውይይት በኋላ መኪናዋ እንዳትታጠፍ፣ በሩም ወደ መኪናዋ እንዲዞር ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ጥፋተኛውን ስለመለየት

ሰብሳቢው መመሪያና መኪና ሲጣሉ ጥፋተኛዋ መኪናዋ መሆኗን፣ እሷ መልስ መስጠት ስለማትችል ሾፌሩ እንደሚጠየቅ አብራሩ። ሾፌሩ ከመሪ ተነስቶ በረኛ እንዲሆን ሐሳብ ቀረበ።

ሾፌሩ ተነስቶ ቆመ። «ጌታዬ፣ አሥራ ስድስት ዓመት መሪ ይዣለሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ማርሿን ብቻ ልመልሳት። ድምፁ ካልጠፋ ነገ በር ላይ ያገኙኛል።»

መመሪያ በውርርድ አይሻርም ተብሎ በሦስት ድምፅ በረኛ ሆነ። (ዘበኛው በእንቅልፋቸው ራሳቸውን ስለነቀነቁ እንደ ድጋፍ ተይዞላቸዋል።)

ይህ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ መካኒኩ ድምፁን ዛሬ የሰማ አባል እንዳለ ጠየቀ። አልነበረም። ስለዚህ ሾፌሩ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲነዳ ተፈቅዶለት፣ ከዘበኛው በቀር ሁላችንም ተሳፈርን። ሰብሳቢው በማዕረጋቸው ከፊት፣ ድምፁን የሚያዳምጠው መካኒክ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ።

መኪናዋ በሩ ጋ ስትደርስ ሰብሳቢው በመስኮት ሰላምታ ይቀበሉ ነበር። ያን ጊዜ የሾፌሩ ቀኝ እጅ ምን እንደሠራ ጸሐፊው አላየም፤ አላየሁም ብሎም ይፈርማል። ታጠፍን። ጭጭ። በግራ ታጠፍን፣ በቀኝ ታጠፍን። ጭጭ።

ሰብሳቢው ወደ ኋላ ዞረው «አያችሁ? ስንሰበሰብ ፈራች» አሉ። የሚስታቸው ወንድም አጨበጨቡ። መካኒኩ ሳል ያዘው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ድምፅ ስለሌለ ጥፋት የለም፤ ጥፋት ስለሌለም ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። መኪናዋ ትታጠፍ፤ በሩ ባለበት ይቁም፤ ሾፌሩ ወደ መሪው ይመለስ። መመሪያውን ማንም እንዳይነካ ትንሿ ማርሽ አሁን ባለችበት ቦታ ትታሸግ።

በማርሿ ራስ ላይ የነበሩት ፊደላት ተፋቀው ስላለቁ የት እንዳለች የጠየቀ አልነበረም። መካኒኩ ሽቦ አቀበለ፤ ሾፌሩ ጠበቅ አድርጎ አሰረ፤ ሰብሳቢው በገዛ እጃቸው ማኅተም አደረጉበት።

ጉባኤው 10፡20 ላይ ተበተነ። ዘበኛው ሲነቁ ውሳኔው ተነቦላቸው ተቃውሞ የለኝም ብለዋል።